«ነገ እቁባችንም ሪኮ ይባላል» ላሉን ጸሐፊ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አምስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የእድራችን ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ እህቴ ላከችልኝ። ከዚያ ሌሎችም። ርዕሱ «ነገ እቁባችንም ሪኮ ይባላል» ይላል። ሪኮ የተያያዙ ወንጀሎችን አንድ ላይ የሚከስ የአሜሪካ ሕግ ነው። ጸሐፊው እንደኔው አትላንታ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ብዕራቸው ጥሩ ነው። ሰው የሚሰጋበትን ነገርም ያውቃሉ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው እኛኑ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ያሉትን ሳልቀንስ ላስቀምጥ። አትላንታ ያለችበት የጆርጂያ ግዛት ሪኮ ሕግ የወጣው ለማፊያ ነው፤ አስተማሪና ራፐር ላይ መዋሉ ከታሰበለት ውጪ ነው ይላሉ። ሕጉ ሰውን የሚይዘው በሠራው ሳይሆን በሚያውቃቸው ሰዎች ነው፤ ስለዚህ እድርና እቁብ ያለን ሰዎች እንስጋ ይላሉ። ግድያም ስርቆትም ድሮውኑ ወንጀል ስለሆኑ ሪኮ ትርፍ ነው፣ ካስፈለገም የፌዴራሉ ይበቃል ይላሉ። ዱላው የሚያርፈው ጥቁርና ድሃ ላይ ብቻ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ያንግ ተግ የተባለውን የአትላንታ ራፐር ችሎት ጠቅሰው፣ ሕጉ ከነጭራሹ ይሰረዝ ብለው ፊርማ እንድናሰባስብ ይጠይቃሉ።

ጠበቃ አይደለሁም። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ክስ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ሪኮ ስሙን ያገኘበት «ራኬቲሪንግ» የሚለው ቃል ሁሌም ያስቸግረኛል። «ማጭበርበር» ብል ይጎድላል። «የተደራጀ ወንጀል» ብል ሰሚው ወዲያው ማፊያ ያስባል፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ሲጋራ የያዘ ጣልያን። የጽሑፉ ግማሹ ችግር ከዚህ ትርጉም የመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከሕጉ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የፌዴራሉን ሪኮ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት በ1970 ነው። ካረቀቁት ዋነኛው ሮበርት ብሌኪ የሚባሉ የሕግ ሰው ናቸው። ከዚያ ግዛቶች የየራሳቸውን ማውጣት ጀመሩ። ዛሬ ከ30 በላይ ግዛቶች አላቸው። ጆርጂያ የራሷን ያወጣችው በ1980 ነው። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ወንጀሎችን አንድ በአንድ ዶቃ አድርገን እናስባቸው። የድሮው ሕግ እያንዳንዱን ዶቃ ለብቻው ያያል። ሪኮ ክሩን ያያል። ሕጉ ከዘረዘራቸው ወንጀሎች ቢያንስ ሁለቱ ከተፈጸሙና ከተያያዙ፣ መያያዛቸው ራሱን የቻለ ወንጀል ይሆናል። ቅጣቱ በጆርጂያ ከ5 እስከ 20 ዓመት እስራት፣ ወይም ገንዘብ፣ ወይም ሁለቱም ነው።

አሁን ወደ ማፊያው። እውነት ነው፣ በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት አእምሮ ውስጥ የነበረው ማፊያ ነው። የኒውዮርክ ቤተሰቦች አለቆች በ1986 የተፈረደባቸውም በዚሁ ሕግ ነው። ግን ሕጉን አንብቡት። «ማፊያ» የሚል ቃል የለበትም። ምክንያት አለው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሰውን የአንድ ቡድን አባል በመሆኑ ብቻ መቅጣት አይፈቅድም። ስለዚህ አርቃቂዎቹ «እነ እገሌን» ትተው «እንዲህ ያለ ሥራን» ጻፉ። ጸሐፊው የሚፈሩት ሰው በማንነቱ መከሰሱን ነው። ታዲያ ሕጉ ለማፊያ ብቻ ይሁን ማለት ያንኑ መጠየቅ ነው። አንድ ሥራ ጣልያኑ ሲሠራው ወንጀል፣ ሌላው ሲሠራው ነፃ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር እኔም ፊርማዬን አኖር ነበር።

የአስተማሪዎቹ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ያዘነበት ነው። በ2011 የግዛቱ ምርመራ በ44 የአትላንታ ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች የፈተና ውጤት በማጭበርበር ተሳትፈዋል አለ። የልጆችን የተሳሳተ መልስ በላጲስ አጥፍተው ትክክለኛውን የሞሉ ነበሩ። በ2013 የትምህርት ቤቶቹን የበላይ ኃላፊ ቤቨርሊ ሆልን ጨምሮ 35 ሰዎች ተከሰሱ። አብዛኞቹ ጥፋታቸውን አምነው ተስማሙ። ሆል ሳይዳኙ በካንሰር አረፉ። ሙግቱን እስከ መጨረሻው ከገፉት 12 ሰዎች 11ዱ በሚያዝያ 2015 በሪኮ ጥፋተኛ ተባሉ። ሦስቱ መጀመሪያ የ7 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር። በኋላ ዳኛው ራሳቸው ወደ 3 ዝቅ አደረጉት።

ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች «ጥፋታቸው ላጲስ መያዝ ብቻ የሆነ ምስኪኖች» ይሏቸዋል። ሰባት ዓመቱ ከመጠን ያለፈ ነበር በሚለው እስማማለሁ። ዳኛው ራሳቸው ከቀነሱት እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ነገር ግን ከላጲሱ ወዲያ ማዶ ልጅ ነበር። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ወረቀቱ «አልፏል» ይለዋል። ስላለፈ ተጨማሪ እርዳታ አያገኝም። እናቱ ውጤቱን ፍሪጅ ላይ ትለጥፋለች። ሁለት ሥራ የምትሠራና እንግሊዝኛ የማትችል እናት ያን ወረቀት ከማመን ሌላ ምን አማራጭ አላት? እንዲህ ያሉ እናቶችን በሥራዬ አውቃቸዋለሁ። አንድ መምህር አንድ ወረቀት ቢያበላሽ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ዓመት ከዓመት፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፣ ጥሩ ውጤት ጉርሻ እያስገኘ፣ የተናገረ እየተፈራ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ ክር ካልሆነ ክር ምን እንደሆነ አላውቅም።

ቀጥሎ እቁቡ። ሰው ሁሉ የተቀባበለው ይህን ክፍል ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልመልስ። ሪኮ ውስጥ «ኢንተርፕራይዝ» የሚል ቃል አለ። ጸሐፊው ይህን ቃል ይዘው «ማንኛውም የሰዎች ስብስብ ኢንተርፕራይዝ ነው፤ እቁብም ስብስብ ነው» ይላሉ። እስከዚህ ትክክል ናቸው። ባንክም ኢንተርፕራይዝ ነው። ማኅበርም ነው። የሸሪፍ ቢሮም ነው። ኢንተርፕራይዝ መሆን ግን ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ያለው ሰውየው በዚያ ስብስብ በኩል ደጋግሞ ሲሰርቅ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲያጭበረብር ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ራሱ ተበዳዩ ነው። እቁብ ሰብሳቢው የሰውን እጣ ይዞ ቢጠፋ የተዘረፈው እቁቡ ነው እንጂ ሌባው እቁቡ አይደለም።

መተዋወቅስ? ወንድም መሆን፣ አንድ ሰፈር ማደግ፣ አብሮ ፎቶ መነሳት? ከሳሹ ተከሳሹ ራሱ በወንጀሉ እንደተሳተፈ ወይም በእቅዱ እንደተስማማ ማሳየት አለበት። ክሱ በስምምነቱ ብቻ ቢሆን እንኳ ከተስማሙት ቢያንስ አንዱ እቅዱን ወደፊት የሚገፋ ተጨባጭ ተግባር መፈጸም አለበት። ጸሐፊው የያንግ ተግን ችሎት ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል። እኔም እዚያው ችሎት ላይ ልቁም። በግንቦት 2022 የተከሰሱት ያንግ ተግን ጨምሮ 28 ሰዎች ነበሩ። ጁሪ (ከነዋሪው የተመረጡ ፈራጆች) ፊት የቀረቡት ስድስት ናቸው። እስከ መጨረሻው የቆዩት ሁለት። በታኅሣሥ 2024 ጁሪው ሁለቱንም ከግድያውም ከሪኮውም ነፃ አላቸው። አንዱ ላይ የቀረው የጦር መሣሪያ መያዝ ክስ ብቻ ነበር። መተዋወቅ ለጥፋተኝነት ቢበቃ ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሪኮው አያመልጡም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የሚገባቸውን መስጠት አለብኝ። ጁሪ መምረጥ ብቻ ወደ አሥር ወር ፈጀ። በጆርጂያ ታሪክ እንደዚያ የረዘመ ችሎት አልነበረም። ዳኛው መሃል ላይ ተነስተው በሌላ ተተኩ። የራፕ ግጥም ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ተፈቀደ፤ ይሄ እኔንም ያሳስበኛል። ያንግ ተግ በጥቅምት 2024 መጨረሻ ተስማምቶ በ15 ዓመት ፕሮቤሽን (ከእስር ውጪ በክትትል) ሲወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ታስሮ ነበር። በተወሰኑት ክሶች ጥፋቱን አመነ፤ ሪኮውን ግን «አልከራከርም» ብሎ ነው ያለፈው። ዋስ ተከልክሎ ያን ያህል ጊዜ የሚቀመጥ ሰው ንጹሕ ቢሆንም ይደራደራል። የሃያ ዓመት ቅጣት ፊቱ ላይ ተደቅኖ ማን እስከ መጨረሻው ይሟገታል? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ላይ እመለስበታለሁ።

«ትርፍ ነው» ለሚለው ነጥብ የራሴን ቤት ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ለአዲስ መጤዎች ቤት አከራያለሁ እያለ ቀብድ ይቀበል ነበር። ቤቱ የሱ አልነበረም። አንዲት የሁለት ልጆች እናት 900 ዶላር ሰጠች። ሌላው 1,200። የአክስቴ ልጅ 1,500። ሁሉም ለየብቻው ፖሊስ ጋ ሄደ። ሁሉም የሰማው መልስ ያው ነበር፤ የገንዘብ ክርክር ነው፣ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱና ራሳችሁ ክሰሱ። በጆርጂያ እስከ 1,500 ዶላር ያለ ስርቆት ቀላል ወንጀል ነው። ለቀላል ወንጀል መርማሪ ቶሎ አይነሳም። ሰውየው ይህን ያውቅ ይመስለኛል። ከማንም ላይ ብዙ አልወሰደም። እኔ ለአክስቴ ልጅ ላስተረጉም ስሄድ ነው ሌሎቹን ያገኘኋቸው። ስንደማመር ዘጠኝ ቤተሰብ ሆንን። ያኔ ዘጠኙንም አንድ ላይ የሚያይ ማንም አልነበረም።

ጸሐፊው «ስርቆት ድሮውኑ ወንጀል ነው» ሲሉ እኔ ዘጠኙ ቤተሰብ ነው የሚታየኝ። አንድ በአንድ ሲታዩ ኢምንት ናቸው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሥራዬ ተብሎ የተያዘ ዘረፋ ነው። ሪኮ የወጣው ይህን ልዩነት ለማየት ነው። በዚያ ላይ ጸሐፊው ጭራሽ ያልጠቀሱት ነገር አለ። በጆርጂያ ሕጉ የዐቃቤ ሕግ ብቻ አይደለም። የተበደለ ሰው ራሱ በፍትሐ ብሔር ከሶ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና የጠበቃ ወጪውን መጠየቅ ይችላል። ለ900 ዶላር ጠበቃ አታገኙም። ለዘጠኝ ሰው፣ ሦስት እጥፍ ሲባዛ፣ ወጪውንም ተሸናፊው ሲከፍል፣ ስልካችሁን የሚያነሳ ጠበቃ ሊገኝ ይችላል። እኛ ይህን ያወቅነው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ሰውየው ግዛት ለቆ ሄዶ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የፌዴራሉ ይበቃል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ለዘጠኝ ቤተሰብ ቀብድ አይመጣም። ሌላም አለ። የፌዴራል ፍርድን ፕሬዚዳንቱ በይቅርታ ማንሳት ይችላል። የግዛት ፍርድ ላይ ግን ሥልጣን የለውም። ዋሽንግተን ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ግዛት የራሱ ሕግ እንዲኖረው የምፈልገው ለዚህም ነው።

«ጥቁርና ድሃ ላይ ብቻ» የሚለው በጣም የሚያስቆጣ ነጥብ ነው። ትልልቆቹን ችሎቶች ያየ ሰው እንዲህ ቢሰማው አልፈርድበትም። በአስተማሪዎቹም በያንግ ተግም መዝገብ አብዛኛው ተከሳሽ ጥቁር ነበር። «ብቻ» የሚለው ቃል ግን እውነት አይደለም። በነሐሴ 2023 በዚሁ ሕግ ዶናልድ ትራምፕና 18 ሰዎች ተከሰዋል። ያ ክስ መጨረሻው አላማረም። ዐቃቤ ሕጓ ራሳቸው ከቀጠሩት ጠበቃ ጋር በነበራቸው ግንኙነት የተነሳ ከጉዳዩ ተነሱ፤ መዝገቡም በኅዳር 2025 ተዘጋ። ቢሆንም አራት ሰዎች አስቀድመው ጥፋታቸውን አምነው ነበር። ዋናው ተከሳሽ ደግሞ ጥቁርም ድሃም አልነበረም።

እኔ ግን ማንሳት የምፈልገው ሌላ ሰው ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው ዲካልብ ካውንቲ (ወረዳ) ውስጥ ነው። በ2000 የዲካልብ ሸሪፍ፣ ማለትም በምርጫ የሚሾመው የካውንቲው ሕግ አስከባሪ ኃላፊ፣ ሲድኒ ዶርሲ ነበሩ። የሸሪፍ ቢሮውን ፖሊሶች በመንግሥት ሰዓት ለግል የጥበቃ ድርጅታቸው ያሠሩ ነበር። በምርጫ ደርዊን ብራውን አሸነፏቸው። ብራውን የተወዳደሩት ቢሮውን አጸዳለሁ ብለው ነው። ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በታኅሣሥ 15፣ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በመጀመሪያው ችሎት በተኩሱ የተጠረጠሩ ሁለት ሰዎች ነፃ ወጡ። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ2002 ግን ዶርሲ ራሳቸው በግድያም በሪኮም ጥፋተኛ ተባሉ። ከዓመታት በኋላም ግድያውን ማዘዛቸውን አመኑ።

ለምን ይህን መረጥኩ? ግድያውን ብቻ ብታዩ አንድ ሸሪፍ ተተኪውን ለምን እንደሚያስገድል አይገባችሁም። የጥበቃ ድርጅቱን ብቻ ብታዩ የሰዓት ሌብነት ይመስላችኋል። አንድ ላይ ስታዩት ግን ቢሮው ለሰውየው ገቢ ሆኖ እንደነበር፣ ብራውንም ያን ገቢ ሊዘጉ እንደመጡ ይገባችኋል። የተከሰሱት ጥቁር ነበሩ። የሞቱትም ጥቁር ነበሩ። ሕጉ የቆመው ባለሥልጣን ላይ ነው፤ የተከላከለው ደግሞ የሰፈሩን መራጭ ነው።

አሁን በጣም የከበደኝ ክፍል። ጸሐፊው «ይህን ዓይነት ሕግ ከአገራችን እናውቀዋለን» ብለዋል። የ2001 ዓመተ ምሕረቱን የፀረ ሽብር አዋጅ፣ ቁጥር 652ን ማለታቸው ነው። ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች በአንድ መዝገብ ተጠርዘው ሲቀርቡ አይተናል። ስልክ መደወል፣ ስብሰባ መቀመጥ ማስረጃ ሲባል ሰምተናል። ይህን ፍርሃት አልንቅም። እኔም ይዤው ነው የመጣሁት። ግልጽ ችሎት፣ ጁሪና ነፃ ዳኛ ባለበት አገር ነገሩ አንድ አይደለም ማለት እችላለሁ፤ አምንበታለሁም። ግን ይህን ብዬ እንዳላልፍ የሚይዘኝ አንድ ክስ አለ።

በ2023 የጆርጂያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 61 ሰዎችን በሪኮ ከሰሱ። ተቃዋሚዎች «ኮፕ ሲቲ» የሚሉትን የአትላንታ ፖሊስ ማሠልጠኛ ግንባታ የተቃወሙ ናቸው። ሴራው ተጀመረ የተባለው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለበት ቀን ነው። መኪና ያቃጠለ ካለ በእሳት ማቃጠል ይከሰስ። ግን ለታሰሩ ሰዎች የዋስ ገንዘብ ያሰባሰቡ ሰዎችም እዚያው መዝገብ ገቡ። በገንዘብ ማጠብም ተከሰሱ፤ ያ ክስ በ2024 ተነሳ። በ2025 ደግሞ ዳኛው የሪኮውን ክስ ውድቅ አደረጉት፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከገዥው ፈቃድ ሳይጠይቁ ነው የከሰሱት ብለው። ያዳናቸው የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። ሕጉ ራሱ አልከለከለም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን በያንግ ተግ ፈንታ በዚህ ክስ ቢጀምሩ ኖሮ መልስ ለመስጠት በጣም እቸገር ነበር።

ስለዚህ የጆርጂያ ሕግ ሰፊ ነው፤ አልክድም። ሁለት ወንጀል ይበቃዋል። በአንዱ ክፍሉ ደግሞ ኢንተርፕራይዝ መኖሩን ማስረዳት እንኳ አይጠይቅም፤ ንብረት ወይም ገንዘብ በተያያዘ ወንጀል ማግኘት ይበቃል። ከዚህ ተነስቶ «ይሰረዝ» ላይ መድረስ ግን ዝላይ ነው። መሃል ላይ ያለውን ጸሐፊው አላዩትም። ኒውዮርክ አለች። ከማፊያ ጋር የኒውዮርክን ያህል የተናነቀ ግዛት የለም። በ1986 የራሷን ሕግ ስታወጣ ግን ከፌዴራሉ ሆን ብላ አጠበበችው። ሁለት ሳይሆን ሦስት ወንጀል ትጠይቃለች። ቡድኑ ከወንጀሎቹ ተለይቶ የሚታይ፣ ቀጣይነት ያለው አደረጃጀት እንዲኖረው ትጠይቃለች። ዳኛም ክሱ ሕጉ ከወጣበት ዓላማ ጋር አይሄድም ካለ ሊሰርዘው ይችላል። በዚህ ሚዛን የሐሰተኛውን አከራይ ነገር እዩት። ዘጠኝ ስርቆት አለ፤ ግን ሰውየው ብቻውን ከሆነ አያልፍም። የዋስ ገንዘብ ያሰባሰቡትም አያልፉም ብዬ አምናለሁ። የዲካልቡ ሸሪፍ ግን ያልፋል። የመጀመሪያው ያመኛል። እንደ ሁለተኛው ያለ ክስ እንዳይደገም ግን ያን ዋጋ እከፍላለሁ፤ የፍትሐ ብሔሩ በር ለዘጠኙ ቤተሰብ ክፍት እስከቆየ ድረስ።

የጆርጂያ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባል። ከዲካልብም ከግዊኔትም የኛ ሰው ድምፅ የሰጣቸው እንደራሴዎች አሉ። ይሰረዝ የሚል ፊርማ ይዘን ብንሄድ በር ላይ ነው የምንመለሰው። ሦስት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። በወንጀል ክስ ሁለቱ ወደ ሦስት ይደግ፤ አደረጃጀቱም ይረጋገጥ። ዳኛ ከዓላማው የወጣን ክስ የመሰረዝ ሥልጣን ይሰጠው። በሪኮ ተከሶ ዋስ የተከለከለ ሰው በተወሰነ ጊዜ ካልተዳኘ ይፈታ። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ደብዳቤውን አብረን እንጻፈው። እንግሊዝኛውን እኔ እይዛለሁ።